ቦምብ ሻጩ ግንበኛ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ሆኜ አውቃለሁ። ለገበያ ያቀረብኩት አንድ ቦምብ ነው፤ እሱንም ሳልሸጠው ቀረሁ። ይህን ሳወራ ሐርጌሳ አብሮኝ የነበረ ሰው ካልሆነ ማንም አያምነኝም። «አንተ ደግሞ ወሬ ታበዛለህ» ይሉኛል። ማብዛቱንስ አበዛለሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ አመሌ ነው።

ሐርጌሳ የገባሁት ከተማዋ እንደገና በምትሠራበት ጊዜ ነበር። ጦርነቱ አልቋል። ሰዉ ከስደተኛ ካምፕ እየተመለሰ የፈረሰ ቤቱን ድንጋይ ከፍርስራሹ ውስጥ እየለቀመ ይክባል። በየሰፈሩ ግድግዳ እንጂ ጣሪያ የሌለው ቤት፣ ጣሪያ ተገኝቶለት በር የሚጠብቅ ቤት ተደርድሯል። ለግንበኛ ከዚያ የተሻለ አገር አይገኝም። ቱንቢዬንና የሲሚንቶ ማንኪያዬን በጆንያ ጠቅልዬ፣ ጅግጅጋን አልፌ፣ ቶጎ ውጫሌ ላይ ድንበሩን ተሻግሬ መጣሁ።

ግንበኝነትን የተማርኩት ኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ወታደር ነበርኩ። ወታደር ስላችሁ ጠመንጃ ይዤ ምሽግ ስቆፍር እንዳታዩኝ። ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ፣ የቦምብ መጋዘን ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ቦምቦቹ ከሩቅ አገር በመርከብ መጥተው መጋዘን ሲከርሙ ላያቸው ላይ የተጻፈው ይደበዝዛል። የእኔ ሥራ የደበዘዘውን ፊደልና ቁጥር እያየሁ በብሩሽ ማድመቅ ነበር። ፊደሉ የሩሲያ ነው፤ እኔ ደግሞ ሩሲያኛ አልችልም። ስለዚህ ዓመታት ሙሉ ምን እንደምጽፍ ሳላውቅ ስጽፍ ኖርኩ። አለቃዬ ግን የእጅ ጽሑፌን በጣም ይወድልኝ ነበር።

ሐርጌሳ የቀጠሩኝ 31 ሜይ ሰፈር የሚኖሩ፣ ባላቸው በጦርነቱ የሞቱባቸው አንድ ትልቅ ሴት ናቸው። ኤዶ እላቸው ነበር፤ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ቤታቸው በአውሮፕላን ተደብድቦ ፈርሷል። ድንበር ማዶ ካምፕ ውስጥ ኖረው ተመልሰው በገዛ ግቢያቸው ላስቲክ ወጥረው ተቀምጠዋል። ድሮ ድሬዳዋ እየተመላለሱ ጨርቅ ይነግዱ ስለነበር አማርኛ ያውቃሉ፤ በተለይ የዋጋ ክርክርና የስድብ አማርኛ አንደኛ ናቸው።

ከእኔ የፈለጉት አንድ ነገር ነው። ልጃቸው እዚያው ካምፕ ቀርታ ወልዳለች፤ ዝናቡ ሳይገባ ሕፃኑን ይዛ ትመጣለች። ኤዶ ሕፃኑ የሚገባበት፣ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ይፈልጋሉ።

«እኔ ላስቲክ ሥር ኖሬያለሁ» አሉኝ የመጀመሪያው ቀን። «ልጄም እዚያው ወለደች። ይኼኛው ግን ጣሪያ ሥር ይተኛል። ሰማህ፣ ሐበሻ?»

«ሰምቻለሁ፣ ኤዶ። ዝናቡ ሳይመጣ ቁልፉን አስረክብዎታለሁ» አልኩ። በር እንኳን ገና አልተገዛም ነበር።

ከሥራ ስወጣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ያለች ሻይ ቤት እሄዳለሁ። እዚያ አንድ ወዳጅ ነበረኝ፤ ከሐረር የመጣ ልብስ ነጋዴ ነው፤ ሶማሊኛውን ሁሉ የሚተረጉምልኝ እሱ ነው። በዚያ ሰሞን ሩቅ አገር ጦርነት ተነሥቶ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ራዲዮ ሲከፈት ሻይ ቤቱ ጸጥ ይላል። አንድ ቀን ጸጥታው ድንገት ወደ ጭቅጭቅ ተለወጠ።

«ምን ተባለ?» አልኩት ወዳጄን።

«ተመርታ የምትሄድ ቦምብ አለች ይላል አቦ። አንዷ የምታወጣውን ዋጋ ተናገረ። ይኼ ሰውዬ ደግሞ ወደ ግመል እየመነዘረላቸው ነው።»

ሰውዬው ጺሙን በሂና ያቀላ የግመል ደላላ ነው። በዚያ ዘመን ብረት ከከብት ይልቅ ስለሚያዋጣ በጎን ቁርጥራጭ ብረት እየገዛ ወደ ወደብ ይልክ ነበር፤ በእኛ አገር ቆራሌው የምንለው ዓይነት፣ ግን መኪና ያለው። ጣቶቹን እየቆጠረ ግመሎቹን ከሐርጌሳ እስከ በርበራ ወደብ ደረደራቸው።

«ያ ሁሉ ግመል ተሽጦ የምትገዛው ቦምብ ስንት ጊዜ ትፈነዳለች?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«አንድ ጊዜ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ።»

ሽማግሌው ሻዩን አስቀመጠ። «ግመል እንኳን ትታለባለች» አለ። ሰዉ ሁሉ አዘነ፤ ያዘነው ግን ለገዢው ነው። ያን ሁሉ ሀብት ያለው ሰው መካሪ ዘመድ እንዴት አጣ እያሉ ተከራከሩ። ሌላው ደግሞ «ተመርታ መሄዷ ነው ዋጋው» ሲል፣ «ግመልም ተመርታ ትሄዳለች፤ ገመድ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት» ተባለ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠርጌ «እኔ አየር ኃይል፣ ቦምብ ላይ ነው የሠራሁት» አልኩ። ወዳጄ ተረጎመ። ሃያ ጭንቅላት ወደ እኔ ዞረ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው እኔን ለመስማት ዝም ብሎ አያውቅም፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ ደግሞ ሰው ያሰክራል።

ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ቦምቧ ዓይን አላት አልኩ። ጭራዋ ላይ ያለው ክንፍ እንደ መሪ ይሠራል አልኩ። በመስኮት ትገባለች አልኩ። «መስኮቱ ዝግ ከሆነስ?» ሲሉኝ «ዞራ በበር ትመጣለች» አልኩ። እኔ የማውቃቸው ቦምቦች ከአውሮፕላን ከተለቀቁ በኋላ የሚመራቸው ነገር ቢኖር መሬት ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስሜ ኢንጂነር ሆነ፤ ለሻይም አስከፍለውኝ አያውቁም።

ሳምንት ሳይሞላ የኤዶን ቤት መሠረት ስቆፍር ዶማዬ ብረት ነካ። አፈሩን በእጄ ጠረግ ጠረግ ሳደርግ አራት ክንፍ ያለው ጭራ ብቅ አለ። ከክንፉ ዝቅ ብሎ ደግሞ ፊደል አለ። እግዚኦ! ፊደሉን አወቅኩት። ስንት ጊዜ በብሩሼ የዞርኩበት፣ ሳጥን የሚመስለው ያ የሩሲያ ፊደል ነው። ሻጩ አንድ አገር ነው፤ መጀመሪያ ለሶማሌዎቹ ሸጠ፣ ኋላ ለእኛ ሸጠ። ባዕድ አገር የአገሬን ልጅ ያገኘሁ ያህል ደነገጥኩ።

ዘልዬ ወጣሁና ጮኽኩ። ጎረቤት ሁሉ ሸሸ፤ ከዚያ ሻዩን ይዞ ለማየት ተመለሰ። ኤዶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«አንተ ኢንጂነር ነህ አይደል? ሕይወት አለው ወይስ ሞቷል?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። ግን ጎረቤቱ ሁሉ ቆሟል፣ የሻይ ቤቱ ሽማግሌም አለ፣ ደላላውም አለ። ስለዚህ «ተኝቷል» አልኩ። «ይኼ የሚመራው ዓይነት ነው፤ ድምፅ ይሰማል። እንዳትቀሰቅሱት እንጂ ምንም አያደርግም።»

ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ኤዶ በዚያው ቀን ፈረንጆች ከተማው ውስጥ ወደከፈቱት የፈንጂ አምካኞች ቢሮ ሄዱ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ሦስት ወር ይጠብቁ ተባሉ። በሦስት ወር ውስጥ ዝናቡ መጥቶ ይሄዳል። ሥራ ቆመ። ሰፈሩም በሹክሹክታ መኖር ጀመረ። ሴቶች በምልክት ተጣሉ። ዶሮዎች ወደ ዘመድ ቤት ተላኩ። አንድ ጠዋት የውሃ ሻጩ አህያ ልክ በግቢው በር ሲያልፍ ባለ በሌለ ኃይሉ አናፋ። ሰፈርተኛው በሙሉ በደረቱ ተኛ፤ እኔ የሁሉ ፊት ሆኜ ተኛሁ። አህያው ሲጨርስ ቀና ብዬ «እንቅልፉ ከባድ ነው» አልኩ። አስቡት፣ ይህን ሁሉ ስል ሸሚዜን የቦምቡ ክንፍ ላይ አስጥቼ ነበር።

ሥራ በቆመ በአምስተኛው ቀን ደላላው ብረቱን ልግዛ ብሎ መጣ። እዚያ አገር የከብት ዋጋ በአፍ አይነገርም። ገዢና ሻጭ እጅ ለእጅ ይያያዙና በላዩ ጨርቅ ይሸፍናሉ፤ ከሥር በጣት ይነጋገራሉ፤ ከበው የቆሙት ምንም አያዩም። እኔ ይህን ከሩቅ አይቻለሁ እንጂ ቋንቋውን አላውቅም። ኤዶ ወደ ጎን ሳቡኝ።

«እኔ ሴት ነኝ፤ ከባዕድ ወንድ ጋር ጨርቅ ሥር እጅ አልያያዝም። የእኔ እጅ ሆነህ አንተ ግባ። ዋጋው ምንም ይሁን፤ ብቻ ያንሣልኝ። ያለውን እሺ በል።»

ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም። እሺ ማለት ብቻ!

ደላላው ከትከሻው ጨርቁን አወረደና እጄን ከሥሩ ያዘ። ሁለት ጣቴን ጨበጥ አደረገ። እኔ ሰላምታው ያላለቀ መሰለኝ። ባደግኩበት አገር አንድ ሰው አክብሮ እጅህን ከያዘህ መልሰህ ጥብቅ አድርገህ ትይዘዋለህ፤ ቀድሞ የለቀቀ ንቀት ያለበት ነው። እኔም አምስቱንም ጣቱን ጨመቅ አደረግኩና «ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና?» አልኩት። ደነገጠ። አሁን ሦስት ጣቴን ያዘ። እኔ እንደገና ሙሉ እጁን፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ ወዘወዝኩት። ጨዋነቴ እንዳይጓደል ብዬ ግራ እጄንም ጨርቁ ሥር ከተትኩ።

ደላላው ሁለተኛው እጄ ሲመጣበት ዓይኑ ፈጠጠ። እጁን መንጭቆ አወጣና ቦምቡን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ለሕዝቡ አንድ ነገር ተናገረ። ሕዝቡ በሹክሹክታ ጮኸ።

«ምን አደረግኩ?» አልኩት ወዳጄን።

«ወላሂ አንተ ሰው!» አለ ራሱን ይዞ። «እሱ የሁለት ፍየል ዋጋ ልስጥ አለህ። አንተ አምስት አልከው። ሦስት ሲልህ አሥር አልክ። መጨረሻ በሁለት እጅህ ስትመጣበት በፍየል ሳይሆን በግመል እየተናገርክ መሰለው! ደግሞ ፈገግ እያልክ ነበር አቦ። አሁን ያለውን ታውቃለህ? ‹ይኼ ያ ራዲዮ የተናገረለት ቦምብ ነው› ነው ያለው።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳበቃ፣ ነጋዴ መጉረፍ ጀመረ። ከመሐመድ ሞጌ ሰፈር ሦስት ሰዎች ክሬን ያለው መኪና አምጥተው፣ ዋጋውን ሲሰሙ ክሬናቸውን ይዘው ተመለሱ። ጠመንጃ የሚሸጥ ሰው መጥቶ «የምትመራበት ገመድ አብሮ ይሸጣል ወይ?» ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። አንድ ሰው ደግሞ ለሠርግ ማሳያ አንድ ቀን ተከራይቶ ሊመልሰው ፈለገ። ሁሉም ያደንቃል፣ ማንም አያነሣም። ያን ያህል ዋጋ አለው የተባለ ዕቃ በሁለት ፍየል ልውሰድ ለማለት የማያፍር ሰው ጠፋ። ኤዶ ላስቲካቸው በር ላይ ተቀምጠው ደመናውን እያዩ «ቤት ሥራልኝ ብዬ ቀጠርኩህ፤ አንተ መሣሪያ ነጋዴ አደረግከኝ» ይሉኛል፣ በሹክሹክታ።

በዘጠነኛው ቀን ልጃቸው መጣች። ከመኪና ወርዳ ሕፃኑን ታቅፋ ግቢው ውስጥ ቆመች። አንድ ክፍል ቤት ነበር የተነገራት፤ ያገኘችው ጉድጓድና ጭራ ነው። ሕፃኑ መንገዱ አድክሞት ኖሮ አፉን ከፍቶ አለቀሰ። ምን ዓይነት ለቅሶ! ጎረቤቱ በሙሉ «እሽሽሽ» አለ። ሕፃኑ ባሰበት። እናቱ ደነገጠች፤ ሕፃኑን ለምን ዝም እንደሚያሰኙት አልገባትም። አጥር ላይ የተንጠለጠለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ይነቃል ወይ ነው ጥያቄው። አንዲት ሴት ከድንጋጤ ብዛት የሕፃኑን አፍ በእጇ ልትይዝ ተንደረደረች።

ኤዶ እጇን መንጭቀው ሕፃኑን ከእናቱ ተቀበሉና ወደ እኔ መጡ። ደረታቸው ላይ እያለቀሰ ነው።

«አሁን እውነቱን ንገረኝ። በምታምንባት ማርያም። ይሰማል ወይስ አይሰማም?»

«አይሰማም፣ ኤዶ።»

«ሕይወት አለው?»

«አላውቅም።» ጎረቤቱም እንዲሰማ ደግሜ አልኩት። «አላውቅም። ኢንጂነርም አይደለሁም። መጋዘን ውስጥ ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ፊደል ነበር የምጽፈው፤ ማንበቡን እንኳ አልችልም።»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ ሕፃኑ ባይኖር ኖሮ እስከ ዝናቡ ስዋሽ እንደምከርም ስለማውቅ ነው ያፈርኩት። ወዳጄ ለጎረቤቱ ተረጎመ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ያጠራቀሙትን ጩኸት በአንድ ጊዜ እኔ ላይ ለቀቁት። የአህያው ባለቤት ብቻውን ለሦስት ሰው ይበቃል።

ኤዶ አልጮኹም። ሕፃኑን እያወዛወዙ ጥቂት አሰቡ።

«ዘጠኝ ቀን ለራስህ ስትል ዋሸህ» አሉኝ። «ተነሥ፤ አሁን ደግሞ አንድ ቀን ለእኔ ስትል ዋሽ።»

ይዘውኝ ወደ አምካኞቹ ቢሮ ሄዱ። ፎርም ተሰጠን። ዓይነት በሚለው ቦታ ላይ በዚያ አለቃዬ በወደደው ጽሑፌ «የሚመራ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ቃሉን ከሻይ ቤት ነው የተማርኩት። ጸሐፊው አነበበ፤ እንደገና አነበበ፤ ፎርሙን ይዞ ወደ ውስጥ ሮጠ። ሦስት ወር የተባለው በማግስቱ ጠዋት ሆነ። ሁለት መኪና፣ አንድ ፈረንጅና አስተርጓሚው መጡ።

ሰፈሩን ሁሉ ሩቅ አስወጡን። ፈረንጁ በደረቱ ተኝቶ ሲሠራ ዋለ። ማፈንጃ ፊውዙን ነቅሎ፣ ቦምቡን አሸዋ በሞላ መኪና ላይ አስጭኖ ሲመለስ ፊቱ ላብ በላብ ነበር። አስተርጓሚው ለኤዶ የነገራቸውን ወዳጄ በአማርኛ ነገረኝ። ሕይወት ነበረው። ሸሚዜን፣ አህያውን፣ ክሬኑን አሰብኩና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ፈረንጁ ፎርሙን አወጣና በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀ። ይህን ማን ነው የጻፈው? ይኼ እኮ ከሁሉ የረከሰው፣ የድሮው ዓይነት ነው፤ ዓይን የለው፣ መሪ የለው፤ ዝም ብሎ ይወድቃል። ተቆጥቷል። እኔ ከወዳጄ ጀርባ ተደበቅኩ።

ኤዶ ግን አልተደበቁም። በእጃቸው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አመለከቱ፤ ከግቢው ይታያል።

«ከዚያ ነው የተነሣው። የራሳችን መንግሥት አውሮፕላን፣ ከራሳችን ሜዳ» አሉ። «ከዚያ እስከዚህ ስንት ቤት አለ? ሁሉንም አልፈው ሁለት ሆነው እኔ ቤት መጡ። አንዱ ባሌን ወሰደ፤ ይኼኛው ተኝቶ እኔን ጠበቀኝ። ያልተመራ ከሆነ ቤቴን ማን አሳየው?»

ወዳጄ ይህን ሲተረጉምልኝ «አቦ» ማለቱን ረስቶት ነበር። ፈረንጁም ፎርሙን አጥፎ ኪሱ ከተተ። መኪናቸውን አስነሥተው ቀስ ብለው ሄዱ።

ጎረቤቱ ሲበተን ኤዶ ዶማዬን ከመሬት አነሡ።

«አንተ የጻፍክባቸው ቦምቦችስ? የት ሄዱ?»

በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። ጠዋት አውሮፕላን ላይ ይጫናሉ፤ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኑ ባዶውን ይመለሳል፤ እኔ ብሩሼን አጥባለሁ። እዚያ አገሬ ሰሜን አንዲት ሴት ግቢዋን ስትቆፍር የእኔን የእጅ ጽሑፍ አግኝታው ይሆናል።

«አልጠየቅኩም፣ ኤዶ።»

ፊቴን አዩት። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ስድቡንም ፈልጌው ነበር። ዶማውን ሰጡኝ።

«በል ቆፍር። ዝናቡ ደርሷል» አሉኝ።

ቆፈርኩ። ሕፃኑ ላስቲኩ ሥር ባለ በሌለ ኃይሉ ያለቅስ ነበር፤ ማንም እሽ አላለውም።